ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ከቤዝመንቱ ወለል በታች

ሲልቨር ስፕሪንግ በወጉ ከተማ አይደለም። ከንቲባ የለውም፤ የከተማ ምክር ቤትም የለውም። ወሰኑ እንኳ የሕዝብ ቆጠራ ባለሙያዎች ለሥራቸው ያሰመሩት እንጂ የራሱ አስተዳደር ያጸናው አይደለም። በሜሪላንድ ግዛት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ሥር ሆኖ ከዋሽንግተን ዲሲ ሰሜናዊ ጫፍ ጋር የተጣበቀ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ስፋቱ 20 ኪሎ ሜትር ካሬ ገደማ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2020 ቆጠራ 81,015 ነዋሪዎች ተመዝግበውበታል። (ከዚህ በታች ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታትም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) መሬቱ እኩል ቢከፋፈል ለአንድ ነዋሪ 250 ካሬ ሜትር ያህል ይደርሰዋል፤ መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱና መናፈሻው ሁሉ ተቆጥሮ።

ሰፈሩ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በአሜሪካ ትልቁ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የሚኖረው በዋሽንግተን ዙሪያ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አንዱ ዋና መሰባሰቢያ ነው። በጆርጂያ አቬኑና በፌንተን ጎዳና አካባቢ ክትፎም ቡናም እንጀራም ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። ስለ ሰፈሩ የሚወራውም ስለ ኪራዩ፣ ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ መኪና ማቆሚያው ነው። ከሥር ስላለው አለት የሚያወራ ብዙ የለም። የሰፈሩን ስም ያወጣው፣ የባቡር ጣቢያውን ጥልቀት የወሰነው፣ ቤት በሚሸጥበት ጊዜ በሕግ የሚጠየቅ ምርመራ ያመጣው ግን ይኸው አለት ነው።

ከስሙ እንጀምር። በ1840 ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር የተባለ ጋዜጠኛና የፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን አማካሪ የነበረ ሰው ከልጁ ከኤልዛቤት ጋር በፈረስ ሲጓዝ በጫካው ውስጥ አንድ ምንጭ ያገኛል። በውሃው ውስጥ እንደ ብር የሚያብለጨልጩ ቅንጣቶች ይዋኙ ነበር። ብሌር ቦታውን ወደደው፤ የበጋ መኖሪያም ሠራበት። (በዋሽንግተን የነበረው የከተማ ቤቱ ዛሬ ከዋይት ሀውስ ፊት ለፊት የአሜሪካ መንግሥት እንግዶች ማረፊያ ነው።) ምንጩ ከደረቀ ቆይቷል። ቦታው ኤከርን ፓርክ በሚባል ትንሽ መናፈሻ ውስጥ ተከልሎ ይገኛል።

የሚያብለጨልጨው ብር ሳይሆን ሚካ ነው። ሚካ በስስ በስሱ የሚላጥ ማዕድን ሲሆን የአንዱ ንጣፍ ውፍረት አንድ ናኖ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ስለዚህ ከውሃው የተዘገነች፣ ውፍረቷ ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ የማይበልጥ ስባሪ 100,000 ንጣፎች ተደራርበውባታል። እያንዳንዱ ንጣፍ ብርሃኑን በአንድ አቅጣጫ ስለሚመልስ ስባሪዋ በዞረች ቁጥር ብልጭ ትላለች።

እነዚህ ስባሪዎች ከአለቱ ተላቀው ውሃ ውስጥ የገቡት አለቱ ስለበሰበሰ ነው። ዝናብ በአፈሩ ሰርጎ ሲወርድ ጥቂት አሲድ ይይዛል፤ አሲዱ በአለቱ ውስጥ ያለውን ፈልድስፓር የተባለ ማዕድን ቀስ በቀስ ወደ ሸክላ ይለውጠዋል። ኳርትዝና ሚካ ግን ይህን ያህል አይደፈሩም። ውጤቱ ከላይ ሲያዩት አለት የሚመስል፣ የጥንቱን መስመርና ጥለት ሳይለቅ የቆየ፣ በቢላ ሲቆርጡት ግን እንደ ጭቃ የሚቆረጥ ነገር ነው። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ሳፕሮላይት ይሉታል። በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ኮረብቶች ላይ የዚህ ብስባሽ አለት ውፍረት አንዳንድ ቦታ 30 ሜትር ይደርሳል። የሰፈሩ ቤቶች መሠረታቸውን የጣሉት በአብዛኛው በዚህ ላይ ነው።

ከብስባሹ በታች ያለው ጤነኛ አለት ዕድሜው የሚታወቀው ዚርኮን በተባለ፣ ከደቃቅ ጨው በማይበልጥ ቅንጣት ነው። ዚርኮን ከቅልጥ አለት ሲረጋ ጥቂት ዩራኒየም ወደ ውስጡ ያስገባል፤ እርሳስን ግን አይቀበልም። ዩራኒየሙ በጊዜ ብዛት እየፈረሰ ወደ እርሳስ ይለወጣል፤ ግማሹ ለመፍረስ 4,468 ሚሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ በዛሬው ዚርኮን ውስጥ የተገኘ እርሳስ ሁሉ የሰዓቱ ንባብ ነው። በዲሲና በሞንትጎመሪ ድንበር ላይ የሚገኘው የጆርጅታውን ጣልቃ ገብ አለት በዚህ ሰዓት ሲለካ 472 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ጎን ባለው በኬንሲንግተን ስም የሚጠራው ቶናላይት የተባለ አለት ደግሞ 463 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆናል። በ472 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ የፈረሰው ዩራኒየም ከመቶ ሰባቱ ብቻ ነው። እነዚህ ሁለቱ አለቶች ደግሞ ሌላ አለት ሰንጥቀው የገቡ ናቸውና የተሰነጠቀው፣ የሰፈሩን ብዙ ክፍል የተሸከመው አለት፣ ከእነሱም ይበልጣል።

472 ሚሊዮን የሚለው ቁጥር በአፍ ቀላል ነው። በዓይን ለማየት ግን መለኪያ ያስፈልጋል። አንድ ዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ይሁን፤ መንገዱም ከአዲስ አበባ ለገሃር ተነስቶ በቀድሞው የምድር ባቡር ሐዲድ ላይ ወደ ምሥራቅ የሚደረግ የእግር ጉዞ ይሁን።

የሰባ ዓመት ሰው ዕድሜ ሰባት ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከመሃል ጣት ያጥራል። የዓድዋ ጦርነት 13 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ብሌር ምንጩን ያገኘበት ቀን አንድ ስንዝር አይሞላም። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የታነጹበት ዘመን አንድ እርምጃ ላይ ይገኛል። የአክሱም ሐውልቶች ከአንድ ሰው ቁመት እምብዛም አይርቁም፤ ተጓዡ ከጣቢያው ደጃፍ ሳይወጣ ተሻግሯቸዋል። ጽሑፍ ያለው የሰው ታሪክ ሁሉ በዓለም ዙሪያ ተሰብስቦ ከአምስት ተኩል ሜትር አይበልጥም።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ጸጥ ይላል። ሉሲን ለማግኘት 3.2 ኪሎ ሜትር መሄድ ያስፈልጋል። አቃቂ ታልፎ ዱከም ሳይደረስ፣ 30 ኪሎ ሜትር ላይ፣ የኢትዮጵያን ደጋ ያነጠፈው ታላቁ የቅልጥ አለት ጎርፍ ይገኛል፤ ሰሜን ተራሮችን፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ራስ ደጀንንም ጨምሮ የከመረው ይህ ጎርፍ ነው። ደገኛው ከጥንት ከጠዋቱ የነበረ የሚመስለው ተራራ በዚህ መለኪያ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ቢሾፍቱ አልፎ ሞጆ ሳይገባ፣ 66 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ዳይኖሰሮች ይጠፋሉ። መተሐራ አካባቢ፣ 200 ኪሎ ሜትር ላይ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ገና መከፈት ይጀምራል። ሚኤሶ አካባቢ፣ 300 ኪሎ ሜትር ላይ፣ አፍሪካና ሰሜን አሜሪካ ተጋጭተው አንድ መሬት ሆነዋል። የጆርጅታውኑ ቅልጥ አለት የረጋበት ጊዜ የሚገኘው ከዚህም 172 ኪሎ ሜትር አልፎ ነው፤ ማለትም ድሬዳዋ ጣቢያ መግቢያ ላይ። በቀን 30 ኪሎ ሜትር ለሚራመድ ሰው ይህ 16 ቀን ነው፤ እያንዳንዷ እርምጃ 700 ዓመት ያህል እየዋጠች።

መለኪያው ራሱ አንድ ጉድለት አለበት፤ እየተለጠጠ ነው። ለገሃርና ድሬዳዋ የሚገኙት በስምጥ ሸለቆው ተቃራኒ ዳርቻዎች ላይ ነው፤ ሸለቆውም በዓመት አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ሐዲዱ አዲስ አበባ ከደረሰበት ከ1917 ወዲህ በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል ያለው ርቀት ከግማሽ ሜትር በላይ ጨምሯል። በመለኪያው ቋንቋ ሲነገር መንገዱ ራሱ በአንድ ዓመት አምስት ዓመት ያረጃል።

ያ የሲልቨር ስፕሪንግ አሮጌ አለት ምንድን ነው ቢባል መልሱ የባሕር ጭቃ ነው። ከአትላንቲክ በፊት በዚያው ሥፍራ ኢያፔተስ የተባለ ሌላ ውቅያኖስ ነበር። ከ600 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መከፈት ጀምሮ በሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሰፋ፤ ኋላም ወለሉ ወደ ምድር ውስጥ እየተዋጠ ተዘጋ። ወለሉ በሚዋጥበት ቦይ ጠርዝ ላይ ጭቃ፣ አሸዋና የድንጋይ ስባሪ በአንድነት እየተንሸራተተ ይከመር ነበር። ጭቃው ተጨፍልቆና ተጋግሮ በዛሬው ሰፈር ሥር ያለው ግራጫ አለት ሆነ። ዛሬም በስላይጎ ክሪክና በሮክ ክሪክ ዳር በተጋለጠው አለት ላይ ቀረብ ብሎ የሚያይ ሰው በጭቃው መሃል እንደተዋጡ የቀሩ፣ መጠናቸው ከጠጠር እስከ ትልቅ ቋጥኝ የሚደርስ ባዕድ ድንጋዮች ያገኛል።

በዚህ የሞተ ውቅያኖስ ጭቃ ላይ ከቆሙት ሕንፃዎች መካከል የአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ዋና መሥሪያ ቤት አለ። በ1970 የተቋቋመው ይህ መሥሪያ ቤት የአገሪቱን የባሕር ወለል ካርታ የሚያነሳ፣ ማዕበሉንና የአየር ጠባዩን የሚከታተል ነው። ከባሕር ዳርቻ ርቆ እዚህ መሆኑ ከአለቱ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ግጥምጥሞሽ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ በፊትም በ1941፣ በ1951 እና በ1955 ስለ ባሕር ሦስት መጻሕፍት ያሳተመችው የባሕር ሳይንቲስት ሬቸል ካርሰን የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ነበረች። በ1962 የወጣውን ስለ ፀረ ተባይ መርዝ የሚያስጠነቅቀውን ታዋቂ መጽሐፏን የጻፈችውም በ1964 የሞተችውም እዚሁ ነው።

ውቅያኖስ ሲወለድ ማየት የሚፈልግ ወደ አፋር መሄድ አለበት። በመስከረም 2005 በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ ምድር በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተሰንጥቃ እስከ ስምንት ሜትር ተከፈተች። በተለመደው የዓመት ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ፍጥነት ይህን ያህል ለመለያየት 400 ዓመት ይጠይቅ ነበር። አፋር አሁን የጀመረውን መንገድ ሲልቨር ስፕሪንግ ጨርሶታል።

ጭቃው አለት ለመሆን ወደ ታች መውረድ ነበረበት። በውስጡ የበቀሉት ማዕድናት እንደሚመሰክሩት አለቱ ቢያንስ 10 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ተቀብሮ ቆይቷል። በዓለም ባሕሮች ሁሉ ጥልቁ ሥፍራ፣ የማሪያና ቦይ፣ ከ10,900 ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ልዩነቱ ከላይ የተጫነው ውሃ ሳይሆን ድንጋይ መሆኑ ነው። የአንድ ሜትር ኩብ አለት ክብደት 2.7 ቶን ነው። ስለዚህ 10 ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለው አለት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ፣ የትንሿን ጣት ጥፍር በሚያህል ቦታ ላይ፣ 27 ኩንታል ይጭናል። ሚካው እንዲያ ተነጥፎ በአንድ አቅጣጫ የተኛው በዚህ ጫና ነው።

አሁን ያ አለት በሣር ሥር ነው። በላዩ የነበረው 10 ኪሎ ሜትር ተጠርጎ ሄዷል ማለት ነው። በሰፈሩ ስፋት ሲባዛ 200 ኪሎ ሜትር ኩብ፣ በክብደት 540 ቢሊዮን ቶን ይሆናል። ይህ ሁሉ ሲጠረግ ማንም አላየውም፤ ምክንያቱም ከአህጉራቱ ግጭት ወዲህ ላሉት 300 ሚሊዮን ዓመታት ሲካፈል በዓመት 1,800 ቶን፣ በቀን 49 ኩንታል ነው። አንድ ኢሱዙ በየቀኑ አንድ ጊዜ ጭኖ ይወጣል እንደማለት ነው፤ ከ20 ኪሎ ሜትር ካሬ መሬት። ከአንድ ግቢ የሚደርሰው ድርሻ በዕፍኝ የሚለካ ነው። እዚህ የተለየ ኃይል አልሠራም፤ በአብዛኛው ዝናብና ጊዜ ናቸው።

የተጠረገው ከፊሉ ወደ ምዕራብ፣ ከፊሉ ወደ ምሥራቅ ሄደ። የምሥራቁ አሁንም አለ። ከዋሽንግተን ጀምሮ እስከ አትላንቲክ ዳርቻ ያለው የሜሪላንድ ሜዳ የተሠራው ከዚህ ጥራጊ ነው። ክምሩ በሲልቨር ስፕሪንግ ደጃፍ ከዜሮ ይጀምርና 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በኦሽን ሲቲ የባሕር ዳርቻ ላይ 2,400 ሜትር ያህል ውፍረት ላይ ይደርሳል፤ በየኪሎ ሜትሩ 13 ሜትር እየወፈረ። ጠንካራው አለት አልቆ ለስላሳው ሜዳ በሚጀምርበት መስመር ላይ ወንዞች ሁሉ ይዘላሉ። ፖቶማክ በግሬት ፎልስ ከአንድ ማይል ባነሰ ርቀት 23 ሜትር ይወርዳል። ከባሕር የሚመጡ መርከቦች ከዚህ መስመር አልፈው መሄድ ስላልቻሉ ጭነታቸውን የሚያራግፉበት ወደብ፣ ወፍጮውም የሚዞርበት ፏፏቴ በአንድ ቦታ ተገናኙ። ፊላደልፊያ፣ ባልቲሞር፣ ዋሽንግተንና ሪችመንድ በዚህ መስመር ላይ የተደረደሩት ለዚህ ነው።

ከዚሁ ጥራጊ ከፊሉ ደግሞ ዳግመኛ ድንጋይ ሆኖ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ተመልሷል። በ1791 እና በ1792 የአሜሪካ ዋና ከተማ ወሰን ሲለካ አርባ ድንጋዮች በየማይሉ ተተከሉ፤ እያንዳንዱ ጎኑ አሥር ማይል የሆነ አራት ማዕዘን ለመከለል። ሥራውን የመራው አንድሩ ኤሊኮት ሲሆን በመጀመሪያዎቹ ወራት ከዋክብቱን እየተመለከተ ያሰላለት ጥቁር አሜሪካዊው የሜሪላንድ ተወላጅ ቤንጃሚን ባነከር ነበር። ሰሜናዊው የማዕዘን ድንጋይ የሚገኘው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኢስት ዌስት ሀይዌይ አጠገብ ነው። ድንጋዮቹ ከቨርጂኒያው አኩያ ክሪክ የተፈለጡ፣ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የአሸዋ ድንጋዮች ናቸው፤ አሸዋውም ከዚሁ ከምዕራቡ ጠንካራ አለት ታጥቦ የወረደ ነው። ዋይት ሀውስና የካፒቶሉ ጥንታዊ ክፍልም በዚሁ ድንጋይ ተሠርተዋል።

ከላይ የተነገረው ሁሉ ለነዋሪው ወሬ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ የምድር ውስጥ ባቡሩ ግን በየቀኑ ያሳየዋል። የሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያ በየካቲት 1978 የተከፈተ ሲሆን ከመንገዱ በላይ ከፍ ብሎ የተሠራ ነው፤ ተሳፋሪው ዝናብና ፀሐይ ያያል። ባቡሩ ወደ ሰሜን ሲቀጥል መሬት ውስጥ ይገባና በሚቀጥለው ጣቢያ በፎረስት ግሌን ሲቆም ተሳፋሪው ከመሬት 60 ሜትር በታች ነው። ከላይ ያለው መሬት ይወጣል፤ ባቡር ግን ዳገት አይወድም። ወደ ላይ ቀርቦ እንዳይቆፈር ደግሞ የላይኛው አለት ያ በቢላ የሚቆረጠው ብስባሽ ነው፤ ዋሻ ቢፈለፈልበት ጣሪያውን አይችልም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ጤነኛውን አለት ፍለጋ ወረዱ። ጣቢያው የዋሽንግተን ሜትሮ ጥልቁ ጣቢያ ነው፤ ተንቀሳቃሽ ደረጃም የለውም። ሃያ ፎቅ ያህል ጥልቀት ስላለው መውጫና መውረጃው ስድስት ፈጣን አሳንሰሮች ናቸው።

ከእሱ ቀጥሎ ያለው የዊተን ጣቢያ ተንቀሳቃሽ ደረጃ አለው። ርዝመቱ 70 ሜትር፣ የሚያነሳው ከፍታ 35 ሜትር ነው። ሳይራመድ የቆመ ሰው ከታች እስከ ላይ ለመድረስ ሁለት ደቂቃ ከአርባ አምስት ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ያለ ማረፊያ በአንድ ወጥ ከተዘረጉት ተንቀሳቃሽ ደረጃዎች መካከል በምዕራቡ ንፍቀ ዓለም የሚበልጠው የለም። ሁለቱ ጣቢያዎች በአንድ ቀን፣ በመስከረም 22 ቀን 1990 ተከፈቱ። ደረጃው ሲበላሽ 35 ሜትር በእግር የሚወጣ ሰው ስለ ሳፕሮላይት ማብራሪያ የሚሰማበት ትዕግሥት እንደሌለው መገመት ይቻላል።

አሮጌ አለት ጸጥ ያለ ነው ቢባልም ሙሉ በሙሉ አያንቀላፋም። ነሐሴ 23 ቀን 2011 ከቀትር በኋላ 1፡51 ላይ ከዋሽንግተን ወደ ደቡብ ምዕራብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በቨርጂኒያዋ ሚነራል ከተማ አጠገብ መጠኑ 5.8 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ላደገ ሰው መጠኑ ያን ያህል የሚያስደነግጥ አይደለም። አስደናቂው የተሰማበት ርቀት ነው፤ በደቡብ እስከ ጆርጂያ ግዛት፣ በሰሜን እስከ ካናዳ ተሰምቷል። ሞቃትና የተሰባበረ የምድር ቅርፊት ንዝረቱን ቶሎ ይውጠዋል፤ አሮጌ፣ ቀዝቃዛና ጠንካራ ቅርፊት ግን ብዙም ሳያደክም ያስተላልፈዋል። በአሜሪካ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው የተሰማው መንቀጥቀጥ ይህ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ቁመቱ 169 ሜትር የሆነው የዋሽንግተን ሐውልት ተሰነጣጥቆ ለጎብኚዎች ዳግም የተከፈተው ግንቦት 12 ቀን 2014 ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ የሚታይ አይደለም፤ ቤት የሚገዛ ሰው ግን ሳያገኘው አያልፍም። ተራ አለት በአንድ ቶን ውስጥ ሦስት ግራም ያህል ዩራኒየም ይይዛል። ይህ ኢምንት ነው። በሰፈሩ ስፋት የተዘረጋ፣ አንድ ሜትር ብቻ ውፍረት ያለው የአለት ንጣፍ ቢታሰብ ግን ክብደቱ 54 ሚሊዮን ቶን፣ በውስጡ ያለው ዩራኒየም ደግሞ 160 ቶን ገደማ ይሆናል። ዩራኒየሙ ሲፈርስ በአንድ ጊዜ እርሳስ አይሆንም፤ በመንገዱ ላይ ራዲየም ይሆናል፣ ራዲየሙም ራዶን ይሆናል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ጋዝ የሆነው ራዶን ብቻ ነው። ጋዝ ስለሆነ ይንቀሳቀሳል፤ በሳፕሮላይቱ ቀዳዳ እያለፈ፣ በመሠረቱ ስንጥቅና በቧንቧው ዙሪያ ባለው ክፍተት ወደ ቤት ይገባል። ሽታ የለውም፤ ቀለምም የለውም። ግማሹ ለመፍረስ 3.8 ቀን ይበቃዋል፤ ሲፈርስ የሚወልዳቸው ጠጣር ቅንጣቶች በተነፈሰው ሰው ሳንባ ላይ ይለጠፋሉ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በራዶን ምክንያት በአገሪቱ በየዓመቱ 21,000 ሰዎች ያህል በሳንባ ካንሰር እንደሚሞቱ ይገምታል።

ራዶን የሚጠራቀመው ከታች ነው። የሜሪላንድ ቤት ደግሞ ያለ ቤዝመንት እምብዛም አይታሰብም፤ አክስት ከአገር ቤት ስትመጣ የምታርፈው፣ ልጆች የሚጫወቱት፣ አንዳንዴም ተከራይ የሚኖረው እዚያ ነው። ኤጀንሲው እርምጃ ይወሰድበት ያለው መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ በሰከንድ 148 አቶም የሚፈርስበት ነው። ይህን ለመፍጠር በሜትር ኩቡ ውስጥ 70 ሚሊዮን የራዶን አቶም ይበቃል። ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን የዚያው ሜትር ኩብ አየር ሞለኪውሎች ቁጥር 25 ተብሎ ከኋላው 24 ዜሮ የሚጻፍበት ነው። ወለሉ 100 ካሬ ሜትር፣ ጣሪያው 2.4 ሜትር የሆነ ቤዝመንት 240 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። በዚህ መጠን ላይ ባለበት ጊዜ በክፍሉ ውስጥ በእያንዳንዷ ሰከንድ ከ35,000 በላይ የራዶን አቶሞች ይፈርሳሉ።

የሞንትጎመሪ ካውንቲ ከጥቅምት 2016 ጀምሮ አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት ከመሸጡ በፊት ለራዶን እንዲመረመር በሕግ ያስገድዳል። አጭሩ ምርመራ ቢያንስ 48 ሰዓት ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ መስኮትና በር ይዘጋሉ፣ መሣሪያው ሰው በሚኖርበት ዝቅተኛ ፎቅ ላይ ይቀመጣል። ቁጥሩ 148 ከደረሰ ወይም ከበለጠ መፍትሔው ቀላል ነው፤ የቤዝመንቱ ወለል ይበሳና ቧንቧ ይገባበታል፣ ቧንቧው ከጣሪያው በላይ ይዘልቃል፣ ማራገቢያ ተገጥሞለትም ከወለሉ በታች ያለውን አየር እየሳበ ወደ ውጭ ይተፋዋል። ማራገቢያው ሌት ተቀን ይሠራል፤ ጠፍቶ ቢያድር ጋዙ መመለስ ይጀምራል። ከሥር ያለው ዩራኒየም አለቱ ከረጋ ወዲህ ያለቀው ከመቶ ሰባቱ ነው፤ 93ቱ ገና ተራውን እየጠበቀ ነው።